ግሱን እየጠበቅኩ፦ «በበጎ ፈቃድ ጀርመን አትሂዱ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰው ተላከልኝ። ርዕሱ «በበጎ ፈቃድ ጀርመን አትሂዱ» ይላል። ሦስቱም ከሥሩ የጻፉልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ «እውነት ነው እንዴ? አንቺ እኮ በሱ ነው የሄድሽው።» አዎ፣ በሱ ነው የሄድኩት። ደቡብ ጀርመን፣ ከኡልም ብዙ በማይርቅ ትንሽ ከተማ፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ዓመት ሙሉ ሠርቻለሁ። ስለዚህ አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ጽሑፉን ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ነፃ ጉልበት ነው። ሁለተኛ፣ የሚያሠሩህ ጀርመኖች የሚጠየፉትን ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ ቋንቋ እያልክ ገንዘብህን አታቃጥል፣ እዛ በሦስት ወር ትለምደዋለህ። አራተኛ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ባዶ እጅህን ትመለሳለህ። አምስተኛ፣ ሰዎቹ በረዶ ናቸው፣ ብቸኝነቱ ያሳብዳል። ከዚያ መፍትሔ ያመጣል፦ በኤጀንሲ በኩል በቀጥታ የሥራ ቪዛ። ወደ መፍትሔው መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ፣ ምክንያቱም እሷ ናት ያስጻፈችኝ።

(ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።)

«ነፃ ጉልበት ነው»

መጀመሪያ ስለ የትኛው በጎ ፈቃድ ነው የምናወራው? ጸሐፊው ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልሎታል። ከውጭ የሚመጣ ሰው በብዛት የሚገባባቸው ሁለት ናቸው። አንዱ ኤፍ ኤስ ዮት የሚሉት የማኅበራዊ አገልግሎት ዓመት ነው፤ ዕድሜህ ከ27 በታች መሆን አለበት። ሌላው ቤ ኤፍ ዴ ነው፣ የፌዴራል መንግሥቱ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት፤ እሱ የዕድሜ ጣሪያ የለውም። እኔ የገባሁት በሁለተኛው ነው። በዚህ የሚሠሩትን ሰዎች ጀርመኖቹ በቁልምጫ «ቡፍዲ» ይሏቸዋል። ብዙ ሰው 12 ወር ይሠራል፤ ከ6 ወር አያንስም፣ ሲራዘም እስከ 18 ወር ይሄዳል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ደመወዝ አይባልም፣ የኪስ ገንዘብ ነው የሚባለው። ሕጉ ጣሪያ አስቀምጦለታል፤ በ2025 ጣሪያው በወር 644 ዩሮ ነበር። ልብ በሉ፣ ጣሪያ ነው ያልኩት። ብዙ ቦታ የሚከፈለው ከሱ በታች ነው። እኔ በ2023 መስከረም ስጀምር የሚሰጠኝ 420 ዩሮ ነበር፣ ክፍሉንና ምሳውን ቤቱ ችሎልኝ። በዚያ ላይ የጤና፣ የጡረታ፣ የሥራ አጥነት፣ የአረጋዊነት እንክብካቤና የአደጋ መድን አለ። ደመወዝተኛ ከሆንክ የአብዛኛው መድን ግማሽ ከደመወዝህ ይቆረጣል። ቡፍዲ ላይ ግን ሙሉውን የሚከፍለው የምትሠራበት ተቋም ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ስሜ ጡረታ መዝገብ ላይ አለ። ነፃ ጉልበት እንዲህ አይደረግለትም።

ርካሽ ነን ወይ ካላችሁኝ ግን፣ ነን። ይሄን አልክድም። በ2025 ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 12.82 ዩሮ ነበር፣ በጎ ፈቃደኛ ደግሞ በዚያ ሕግ ውስጥ አይገባም። በሳምንት ወደ 40 ሰዓት እየሠራህ ስታሰላው ያናድዳል። የመጀመሪያውን ወር እኔም አስልቼ ተናድጃለሁ። እንደ ሽቱትጋርት ወይም ሙኒክ ያለ ከተማ ውስጥ ደግሞ ክፍል ሳይሰጡህ የኪስ ገንዘቡን ብቻ ይዘህ ብትገባ የቤት ኪራይ ይውጠዋል። ስለዚህ ጸሐፊው «አትሂዱ» ከሚል «ክፍል የሌለበት ውል ላይ ትልቅ ከተማ ውስጥ አትፈርሙ» ቢል ኖሮ እኔም አጨበጭብለት ነበር።

ደግሞ ብዝበዛ የለም አልልም። እኔ ላይ ደርሷል። ሕጉ በጎ ፈቃደኛ የሠራተኛን ቦታ መተካት የለበትም ይላል፤ የምታግዘው ሠራተኛ ካለ ነው። አንድ እሑድ ጠዋት ግን ሁለት ሠራተኞች ታመው ቀሩ። የፈረቃ ኃላፊዋ የመድኃኒት ሣጥኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣልኝ «ዛሬ አንቺ ነሽ» ብላ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣች። 14 ሰው። ሣጥኑ የቀን ስም ያለበት፣ በየስሙ አራት አራት ክፍል የተከፋፈለ ፕላስቲክ ነው፣ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት። በእጄ አልነካሁትም። መድኃኒት ማደል የቡፍዲ ሥራ አይደለም፤ ይሄን ደግሞ ሴሚናር ላይ በደንብ ነግረውናል። ተከትያት ወጣሁና «አልችልም፣ አይፈቀድልኝም» አልኳት። ፊቷ ጠቆረ። ሆኖም ወርዳ ራሷ ሰጠች።

ሰኞ ዕለት ለተቆጣጣሪያችን ደወልኩ። ይሄን ነው ጸሐፊው ያልጠቀሰው። ከምትሠራበት ቤት ውጭ ሌላ ድርጅት አለ፣ የበጎ ፈቃደኞቹን ነገር የሚከታተል፣ የራሱ ሰው ያለው። 12 ወር ለሚያገለግል ወጣት በዓመት 25 የሴሚናር ቀን ግዴታ ነው፤ እሱም እንደ ሥራ ቀን ይቆጠራል። ተቆጣጣሪዋ በሳምንቱ መጣች፣ ከቤቱ ኃላፊ ጋር በር ዘግተው አወሩ፣ ከዚያ በኋላ እሑድ ብቻዬን ተመድቤ አላውቅም። የፈረቃ ኃላፊዋ ለሁለት ወር ያህል ሰላምታዋን ቆጥባብኛለች፣ እሱን ቻልኩት። ነገሩ ባይስተካከል ኖሮ ደግሞ የምትሠራበትን ቤት ለመቀየር መጠየቅ ይቻላል። ባሪያ የሚደውልለት ተቆጣጣሪ የለውም።

«ጀርመኖች የሚጠየፉትን ሥራ ነው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ትንሽ ታሪክ ቢያነብ ጥሩ ነበር። ከ1961 እስከ 2011፣ ልክ 50 ዓመት፣ መሣሪያ አልይዝም ያለ ጀርመናዊ ወጣት በወታደርነት ፈንታ ሲቪል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። የት? ሆስፒታል፣ አምቡላንስ ላይ፣ የአካል ጉዳተኞች ቤት፣ የአረጋውያን መኖሪያ። የዛሬዎቹ የስድሳ ዓመት ሐኪሞችና ጠበቆች ስንቶቹ በሃያ ዓመታቸው ሽማግሌ አጥበዋል መሰላችሁ። በ2011 የግዴታ ውትድርናው ሲቆም ያ አገልግሎትም አብሮ ቆመ። ቤ ኤፍ ዴ የተጀመረው በዚያው ዓመት ጁላይ 1 ቀን ነው፣ ክፍተቱን ለመሙላት። ዛሬም ከሁሉም ዓይነት ጋር ተደምሮ በየዓመቱ ወደ 100,000 ሰው በዚህ ያልፋል፣ አብዛኛው ራሱ ጀርመናዊ ነው። እኔ ጋ አብራኝ የጀመረችው የ19 ዓመት ልጅ የጥርስ ሐኪም ልጅ ነበረች። ሽንት የነካ አንሶላ አብረን ነው የቀየርነው።

ሥራው ቀላል ነው አላልኩም። ወገብ ይቆርጣል። ሽታ አለው። የሰው ገላ ማጠብ ለማይችል ሰው ደግሞ ሌላ ቦታ ሞልቷል፤ መዋዕለ ሕፃናት አለ፣ የአካባቢ ጥበቃ አለ፣ ሙዚየምና የስፖርት ክለብ ሁሉ አለ። ማመልከቻ ሲሞላ የሚመርጠው ራሱ አመልካቹ ነው።

«ቋንቋ እዛ በሦስት ወር ይለመዳል»

ከጽሑፉ ሁሉ ያበሳጨኝ ይሄ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ቀን ነው። አንዲት የ91 ዓመት እናት አሉ፣ ምግብ አዳራሹ ጥግ ላይ መስኮት ሥር የሚቀመጡ። እጄን ይዘው «ኢኽ ሙስ ማል» አሉኝ። እኔ ቢ1 የሚባለውን መካከለኛ የጀርመንኛ ደረጃ ይዤ ነው የሄድኩት፣ ፈተናውን አልፌ፣ የምስክር ወረቀቴን በፕላስቲክ አሽጌ። «ሙስ» ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ «አለብኝ» ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ደግሞ መቶ ጊዜ ተምሬዋለሁ፦ «ሙስ» ከመጣ ዋናው ግስ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ይመጣል። እኔም ፈገግ ብዬ ግሱን ጠበቅኩ። «አለብኝ...» ምን? መብላት? መተኛት? እሳቸው ዓይን ዓይኔን ያያሉ። እኔ ግስ እጠብቃለሁ። እጄን አጥብቀው ያዙት፣ ደግመው «ኢኽ ሙስ ማል» አሉ። እኔ አሁንም ዝም። ከዚያ እጄን ለቀቁት። ወንበሩ ሥር ውኃ ሲፈስ አየሁ።

ለካ ግስ የለውም። «ሽንት ቤት ውሰጂኝ» ማለት ነው፣ በቃ፣ እንደዚያ ነው የሚባለው። የትኛውም መጽሐፌ ላይ አልነበረም።

እሳቸው አልተቆጡም። አለቀሱ። አንድ የ91 ዓመት ሰው በኔ ግስ መጠበቅ ምክንያት በሰው ፊት ተዋረዱ። እኔ እንግዲህ ቢ1 የያዝኩት ነኝ። ባዶ እጁን ሄዶ በሦስት ወር «የሚለምደው» ሰው ስንቱን ያስለቅስ ይሆን? በዚያ ላይ እኔ የነበርኩበት ሽቫብ የሚባለው አካባቢ ነው፣ ሽማግሌዎቹ የሚናገሩት ከመጽሐፉ ጀርመንኛ ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኘው። «ኖ ኔት ሁድላ» ይሉኛል ስሮጥ። ሁለት ሳምንት ስድብ መስሎኝ ነበር። «አትጣደፊ፣ ቀስ» ማለት ነው። ደግ ቃል ነው፣ እኔ ግን ሁለት ሳምንት ተቀየምኩበት።

ከዚያ ሌላ ተራ ነገርም አለ። ያለ ቋንቋ ማስረጃ ኤምባሲው በር ላይ ነው የምትቀረው። ቪዛ ክፍሉ ጀርመንኛ መቻልህን ማየት ይፈልጋል፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ደግሞ የት ከተማ እንደምትሄድ፣ እዛ ምን እንደምትሠራ፣ ለምን እንደመረጥከው በቋንቋው ይጠይቅሃል። ቪዛው 75 ዩሮ ነው፣ ከተከለከልክ አይመለስም። «ቋንቋ ላይ ገንዘብ አታቃጥል» የሚለው ምክር እንግዲህ የሚቃጠለውን ገንዘብ ከአንድ ኪስ ወደ ሌላ ኪስ ማዛወር ነው።

ቋንቋ የሌለው ሰው ሌላም ነገር ያጣል። ያቺ እሑድ ጠዋት «አይፈቀድልኝም» ማለት ባልችል ኖሮ መድኃኒቱን አድዬ ነበር። ብዝበዛው የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው፣ እምቢ የምትልበት ቃል ስታጣ። ጸሐፊው አንደኛው ነጥቡ ላይ ብዝበዛን እየፈራ ሦስተኛው ላይ መከላከያውን ጣሉ ይላል። እንዴት እንዳልታየው አላውቅም።

«ዓመቱ ሲያልቅ ባዶ እጅህን ትመለሳለህ»

ግማሹ ልክ ነው። የበጎ ፈቃድ የመኖሪያ ፈቃድ ለዚያው አገልግሎት የተሰጠ ነው፤ ውሉ ሲያልቅ እሱም ያልቃል። በራሱ የመቅረት መብት አይሰጥም። ይሄን ሳያውቁ የሚሄዱ አሉ፣ 11ኛው ወር ላይ ነው የሚባንኑት።

ግን ዓመቱ ሳያልቅ ሌላ ውል ከያዝክ ሌላ ዓይነት ፈቃድ እዚያው ሆነህ ማመልከት ትችላለህ። ብዙው ሰው የሚሄድበት መንገድ አውስቢልዱንግ ነው፣ እየሠሩ መማር ማለት ነው፣ ደመወዝ እየተከፈለህ። የነርስነቱ ሥልጠና ሦስት ዓመት ነው። ከ2020 ጀምሮ በአዲስ ሕግ የሕፃናቱም የሆስፒታሉም የአረጋውያኑም አንድ ላይ ተጠቃሏል። በመንግሥት ተቋማት የደመወዝ ተመን የሚከፍሉ ቤቶች ገና በመጀመሪያው ዓመት በወር ከ1,300 ዩሮ በላይ ይከፍላሉ፣ ታክስና መድን ሳይቆረጥ። ለውጭ አገር ሰው ከባዱ ነገር ቋንቋውና አሠሪ ማግኘቱ ነው። ቡፍዲ ሆነህ ዓመት ስትሠራ ሁለቱንም እያገኘህ ነው። ቤቱ ጠባይህን አይቷል፣ አንተም ቤቱን አይተሃል።

እኔ በስድስተኛው ወር ነው መጠየቅ የጀመርኩት። ሥልጠናው በብዛት በመከር ነው የሚጀምረው፣ ወረቀቱ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል፤ የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀጠሮ እንደ ዝናብ ነው የሚጠበቀው። ቋንቋውን ማታ ማታ እየተማርኩ ቀጣዩን ደረጃ፣ ቢ2ን፣ ጨረስኩ። አሁን እዚያው ከተማ ሁለተኛ ዓመት የነርስ ተማሪ ነኝ። አብረውኝ ከነበሩት የውጭ ልጆች አንዱ ተመልሷል፣ ፈልጎ። አንዷ ሥልጠናም አላገኘችም፣ ቋንቋዋም አልገፋም፣ ተመለሰች፣ ከፋት። እሷንም መደበቅ አልፈልግም። ግን እሷም ብትሆን የሥራ ምስክር ወረቀቷን ይዛ ነው የሄደችው፤ በጎ ፈቃደኛ ሲጨርስ የመጠየቅ መብት አለው፣ ምን እንደሠራና እንዴት እንደሠራ የሚል።

«ሰዎቹ በረዶ ናቸው»

እሑድ ይከብዳል፣ አዎ። ሱቅ ዝግ ነው፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ጎረቤት ሙዚቃ ከፍ ስታደርጊ ይደውላል። የመጀመሪያው ክረምት ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ ጨለማ ነው፣ በነሱ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 4:30 ማለቴ ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በሬ እጀታ ላይ የእንጨት ሰሌዳ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። የሆነ ነገር ተጽፎበታል፣ «ኬርቮኸ»። የሰው ዕቃ ተሳስቶ መጣ ብዬ አውርጄ ደረጃው ላይ አስቀመጥኩት። ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። ከታች ፎቅ ያሉ ሴትዮ ናቸው፣ መጥረጊያ ይዘዋል። ሽቫቦች ዘንድ የሕንፃውን ደረጃ በየሳምንቱ ተራ በተራ ይጠረጋል፤ ሰሌዳው በርህ ላይ ካደረ ተራው ያንተ ነው። እኔ የተራዬን ሰሌዳ ነበር የጣልኩት! ሴትዮዋ አልሳቁም። ከላይኛው ደረጃ ጀምረው፣ ማዕዘኑን እንዴት እንደሚወለወል፣ የምድር ቤቱን መስኮት ሳይረሳ፣ አሳዩኝ። ሃያ ደቂቃ አንድ ሳቅ የለም። ሲጨርሱ «ቡና?» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ተራዬ በደረሰ ቁጥር እሳቸው ጋ ቡና አለ። ስማቸውን በቁልምጫ ለመጥራት የፈቀዱልኝ በዘጠነኛው ወር ነው። በረዶ ነው ካላችሁ እሺ፣ ግን ይቀልጣል፣ ቸኩሎ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ መፍትሔዋ

«በኤጀንሲ በቀጥታ የሥራ ቪዛ።» ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ስልክ ቁጥር አለ። ሦስቱም ሰዎች ሲልኩልኝ ያላዩት ይመስለኛል፣ እኔም ሁለተኛ ሳነብ ነው ያየሁት።

የሥራ ቪዛ አለ፣ የለም አላልኩም። ግን በብዛት ወይ ጀርመን ዕውቅና የምትሰጠው ሙያ ወይም ዲግሪ ይጠይቃል፣ ወይ የሥልጠና ውል፣ ለሱም በአብዛኛው ቢ1። ያለ ሙያ ለማንኛውም ሥራ የሚሰጠው ቪዛ ከ2016 ጀምሮ ለስድስት የምዕራብ ባልካን አገሮች ዜጎች የተከፈተ ነው፤ እኛ እዚያ ውስጥ የለንም። የበጎ ፈቃዱን መንገድ ደግሞ ያለ ደላላ መሄድ ይቻላል። እንደ ካሪታስና ዲያኮኒ (ሁለቱ የቤተ ክርስቲያን የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው)፣ የጀርመን ቀይ መስቀል ያሉት ድርጅቶች ቦታዎቻቸውን በግልጽ ያወጣሉ፣ በቀጥታ ይጻፍላቸዋል። እኔ 30 ያህል ቦታ ጽፌ ከሁለቱ ነው መልስ ያገኘሁት። ቬልትቬርትስ የሚባለው የመንግሥት ፕሮግራም ደግሞ ከ2013 ወዲህ ከኛ ዓይነት አገሮችም ወጣቶች ወደ ጀርመን ያመጣል፣ የአውሮፕላን ቲኬቱን ችሎ። የቤ ኤፍ ዴ ውል ላይ ከአንተ ጋር የሚፈራረመው ኮሎኝ የሚገኘው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። ያ ፊርማ ከሌለበት የቤ ኤፍ ዴ ውል አይደለም።

ስልኩን ደወልኩ። ሰውዬው ትሑት ነው፣ «እህቴ» እያለ ነው የሚያወራው። ለምን ሙያ ነው ቪዛው አልኩት። «ጠቅላላ ሥራ» አለኝ። አሠሪው ማነው፣ ውሉ ላይ የሚፈርመው?

«እሱን እዛ ስትደርሺ ታውቂዋለሽ እህቴ። አሁን የቅድሚያ ክፍያውን እናውራ።»

እኔ እኮ አሁን ጀርመን ነኝ አልኩት። የድርጅቱን ስምና ከተማውን ንገረኝ፣ ቅዳሜ ባቡር ይዤ ሄጄ ራሴ አያቸዋለሁ።

ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይሆናል ብዬ መልሼ ደወልኩ። ይጠራል፣ አያነሳም።